ሰሙ የማይቀልጥ ቅኔ፤ የኮርዶባው መስጊድ-ካቴድራል እንደ ጽሑፍ ሲነበብ

1. መግቢያ

የሥነጽሑፍ መምህር ስለ ሕንጻ ለመጻፍ ሲነሣ «ምን አግብቶት?» ቢባል ጥያቄው አግባብ ያለው ነው። የሕንጻ ምርመራ በመጀመሪያ ደረጃ የኪነ ሕንጻና የታሪክ ባለሙያዎች ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ደራሲያቸው ብዙ፣ የተደረሱበት ዘመን ልዩ ልዩ፣ አንዱ በጻፈው ላይ ሌላው ደርቦ የጻፈባቸው ሕንጻዎች አሉ። እነዚህን በሚገባ ለመረዳት የአነባበብ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። በደቡብ ስፔን፣ በአንዳሉሲያ፣ በጓዳልኪቪር ወንዝ ዳር በምትገኘው በኮርዶባ ከተማ ያለው መስጊድ-ካቴድራል ከእነዚህ አንዱ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ይህን ሕንጻ የመጎብኘት ዕድል በገጠመው ጊዜ ከደጃፉ እንደደረሰ ሳያስበው ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ መፍታት ጀምሮ ነበር። ባደገበት አገር ወደ ቤተክርስቲያንም ሆነ ወደ መስጊድ ሲገባ ጫማ ይወለቃል። የበሩ ጠባቂ ግን በእጁ ምልክት «ዝም ብለህ ግባ» አለው። ቦታው ዛሬ የካቶሊክ ካቴድራል ነው፤ የካቶሊክ ሥርዓት ደግሞ ጫማ ማውለቅን አይጠይቅም። ማሰሪያውን መልሶ ሲያስር አንድ ጥያቄ መጣበት፤ ጫማውን ሊያወልቅ የነበረው ለየትኛው ነበር? ለመስጊዱ ወይስ ለቤተክርስቲያኑ? እጁ ከአእምሮው ቀድሞ ሁለቱን ለይቶ አላየም ነበር። ይህ ጽሑፍ ከዚያች ጥያቄ የተነሣ ነው። ጥያቄው በሥነጽሑፍ ቋንቋ ሲቀመጥ፣ ተቃራኒ እምነትና ዓላማ ያላቸው ደራሲዎች በአንድ ገጽ ላይ የጻፉትን ሥራ አንዱን ደራሲ ሳንፍቅ እንዴት እናነበዋለን? የሚል ይሆናል። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

2. ገጹ እንዴት ተጻፈ?

የኡመያ ሥርወ መንግሥት በ750 በአባሲዶች ሲገለበጥ ከእልቂቱ ያመለጠው ልዑል አብዱራህማን ወደ ምዕራብ ሸሽቶ በ756 በኮርዶባ የራሱን መንግሥት መሠረተ። መስጊዱንም በ780ዎቹ አጋማሽ ማሠራት ጀመረ። ዳግማዊ አብዱራህማን በ9ኛው መቶ ዓመት፣ ዳግማዊ አል-ሐከም በ960ዎቹ፣ በመጨረሻም የመንግሥቱ ዋና ሹም አል-መንሱር በ980ዎቹ መገባደጃ እየተከታተሉ አስፋፉት። እንግዲህ መስጊዱ ራሱ፣ ካቴድራሉ ሳይመጣ በፊት፣ የአንድ ደራሲ ሥራ አልነበረም።

ይህ በዓምዶቹ ላይ በግልጽ ይታያል። ዛሬ በሕንጻው ውስጥ ከ800 በላይ ዓምዶች ቆመዋል። በተለይ በመጀመሪያው ክፍል ያሉት ከሮማውያንና ከቪሲጎቶች ሕንጻዎች ተነቅለው የመጡ ናቸው። በመሆኑም ቁመታቸው፣ ቀለማቸውና ጉልላታቸው አንድ ዓይነት አይደለም። አናጺዎቹ ችግሩን የፈቱበት መንገድ የሕንጻው ዋና ውበት ሆኖ ቀርቷል። ዓምዶቹ አጫጭር በመሆናቸው ጣሪያውን ከፍ ለማድረግ በአንዱ ቅስት ላይ ሌላ ቅስት ደረቡበት፤ ቅስቶቹንም በነጭ ድንጋይና በቀይ ጡብ እያፈራረቁ ሠሯቸው። እጥረት የወለደው ቅርጽ ነው ማለት ይቻላል። የግጥም ተማሪ ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። የቤት መምቻና የምጣኔ ጥበት ገጣሚውን በልቅ ንግግር ወደማይደርስበት አገላለጽ የሚገፋበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ከኋላ የመጡትም ቢሆኑ የቀደማቸውን እየጠቀሱ ነው የጻፉት። አል-ሐከም መስጊዱን ወደ ደቡብ ሲያስረዝም ዳግማዊ አብዱራህማን ያሠራው ሚህራብ፣ ማለትም የጸሎትን አቅጣጫ የሚያመለክተው ጎድጓዳ ስፍራ፣ መፍረስ ነበረበት። ነገር ግን የዚያ ሚህራብ አራት ዓምዶች ተጠብቀው ቆይተው በአዲሱ ሚህራብ መግቢያ ላይ ተተከሉ። አዲሱን ሚህራብ ላስጌጠው የወርቅ ሞዛይክም ባለሙያና ቁሳቁስ ከክርስቲያኑ የቢዛንታይን ንጉሠ ነገሥት ዘንድ እንደመጣ የዐረብ ታሪክ ጸሐፊዎች ዘግበዋል። ስለዚህ የመስጊዱ እጅግ የተቀደሰ ስፍራ እንኳ የሌላ እጅ ያለበት ነው። አል-መንሱር በበኩሉ በደቡብ ወንዙ ስለከለከለው ወደ ምሥራቅ አሰፋው፤ በዚህም ሚህራቡ የመካከለኛነት ቦታውን አጣ። በእርሱ ክፍል ያሉት ቅስቶች ቀይና ነጭ ቢመስሉም ቀዩ በአብዛኛው በድንጋይ ላይ የተቀባ ቀለም ነው። አብነቱን በሚገባ አጥንቶ፣ ነገር ግን የአብነቱን አስገዳጅ ምክንያት ሳይይዝ የሚጽፍ ተከታይ ደራሲ የሚሠራው እንዲህ ያለውን ነው።

በ1236 የካስቲያው ንጉሥ ፈርናንዶ 3ኛ ከተማይቱን ሲይዝ ሕንጻው ተባርኮ ቤተክርስቲያን ሆነ። ቀጥሎ ባሉት ሦስት መቶ ዓመታት ገደማ የተደረጉት ለውጦች በአንጻራዊ ሁኔታ ውሱን ነበሩ። እንዲያውም በ1371 የተጠናቀቀው የነገሥታት መቃብር ጸሎት ቤት በሙስሊሞቹ የጌጥ ስልት የተሠራ ነው። ድል ያደረገው ወገን ለገዛ ነገሥታቱ ማረፊያ የተሸናፊውን ቋንቋ መረጠ ማለት ነው። ዋናው ለውጥ በ1523 መጣ። በጳጳሱ በአሎንሶ ማንሪኬና በካቴድራሉ ካህናት ጉባኤ ውሳኔ የመስጊዱ መካከል ተከፍቶ አዲስ ካቴድራል ይተከልበት ጀመር። የከተማው ሸንጎ ተቃወመ፤ ጉዳዩ በንጉሡ እስኪዳኝ ድረስ በማፍረሱ ሥራ የሚሳተፍ ሁሉ በሞት እንደሚቀጣ እስከማወጅ ደረሰ። ንጉሠ ነገሥቱ ካርሎስ 5ኛ ግን ለካህናቱ ፈረደ። ሥራውን ኤርናን ሩዊዝ የተባለው አናጺ ጀመረው፤ ልጁም ቀጠለበት። ካቴድራሉ የተጠናቀቀው በ1607 ነው።

ካርሎስ ቆይቶ ቦታውን በዓይኑ ባየ ጊዜ በሌላ ስፍራ የማይገኘውን አጥፍታችሁ በየትም የሚገኘውን ሠራችሁ በሚል መንፈስ ካህናቱን እንደወቀሰ የሚነገር ትረካ አለ። በእርግጥ መናገሩ አልተረጋገጠም። ትረካው ግን ለእኛ አንድ ቁም ነገር ይዟል። በትረካው ውስጥ ያለው ንጉሥ ያላነበበውን ጽሑፍ አስቀድሞ የዳኘ ሐያሲ ነው። እርሱ ራሱ በግራናዳ በአልሐምብራ ቅጥር ውስጥ የራሱን ቤተመንግሥት ማሠራቱ ደግሞ ጸጸቱ ብዙም እንዳልጠለቀ ያመለክታል።

3. ቅርጽ ከቅርጽ ሲጋጭ

ታሪኩን እዚህ ላይ ትተን ወደ ቅርጹ እንለፍ። መስጊዱ የተገነባው በድግግሞሽ ነው። ዓምድና ቅስት፣ እንደገና ዓምድና ቅስት፣ በየአቅጣጫው ይቀጥላል። ጎብኚው በየትኛውም ቦታ ቢቆም መካከል ላይ የቆመ ይመስለዋል። አካሄዱ አግድም ነው፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ብርሃኑም ደብዘዝ ያለ ነው። በሥነጽሑፍ አነጋገር አዝማቹ እየተመላለሰ የሚዜም ረጅም ግጥም ነው እንበል። ወደ ፊት የሚገፋ ሴራ የለውም፤ ያለው አቅጣጫ ብቻ ነው።

ካቴድራሉ በአንጻሩ ድራማ ነው። መነሻ፣ ዕድገትና ጡዘት አለው። ዓይን ከቅኔ ማኅሌቱ ተነሥቶ ወደ መሠዊያው ይሄዳል፤ ከዚያም ወደ ጉልላቱ ይወጣል። ግድግዳው ነጭ ነው፤ ብርሃንም ከላይ ይፈስበታል። በጨለምለም ያለው የዓምዶች ደን ውስጥ ሲጓዝ የቆየ ሰው ድንገት ከዚህ ብርሃን ላይ ሲደርስ ደስታና ድንጋጤ አንድ ላይ ይሰሙታል። ሁለት የዘውግ ሕጎች በአንድ ሥራ ውስጥ ተጋጭተዋል፤ አንዱ «ድገም» ሲል ሌላው «ድረስ» ይላል።

ካቴድራሉ በራሱ መጥፎ ሥራ ነው ማለት ግን ፍትሐዊ አይደለም። በሌላ ቦታ ለብቻው ቢቆም በአድናቆት የሚታይ ነበር። ከዚህም በላይ አናጺዎቹ ከአዲሱ ሕንጻ ዙሪያ ያሉትን የመስጊዱን ቅስቶች ጠርገው አላስወገዷቸውም። ካቴድራሉ ጎንና ጎኑን በእነርሱ ተደግፎ ቆሟል፤ በግድግዳው ውስጥ የተሰኩት ቀይና ነጭ ቅስቶች ዛሬም ይታያሉ። የሴቪያው ታላቅ መስጊድ ዕጣ ከዚህ የተለየ ነበር። እርሱ ለአዲሱ ካቴድራል ሲባል ፈርሶ ከማማውና ከግቢው በቀር ብዙም አልቀረለትም። የኮርዶባው ለጸሎት ሲያገለግል በመቆየቱ ከመፍረስ ተርፏል የሚለው መከራከሪያ ስለዚህ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ነገር ግን ጽሑፍ መትረፉና ጽሑፍ መነበቡ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው።

4. ሦስት ንባቦች

ሕንጻውን በተመለከተ በተደጋጋሚ የሚቀርቡ ሦስት ንባቦች አሉ።

የመጀመሪያው መስጊዱን ብቻ ያነባል። የዚህ ንባብ ከፍተኛው የጥበብ ውጤት የመሐመድ ኢቅባል የኡርዱ ግጥም ነው። ኢቅባል ኮርዶባን በ1933 ጎበኘ፤ ስለ መስጊዱ የጻፈው ግጥምም በ1935 በታተመው መድበሉ ውስጥ ወጣ። ግጥሙ የሚጀምረው ከጊዜ ነው፤ የሰው ሥራ ሁሉ በቀንና በሌሊት መፈራረቅ እንደሚጠፋ፣ ከፍቅር የተወለደ ሥራ ግን ጊዜን እንደሚቋቋም ይናገራል። ከሕንጻው የራቀውን የአዛን ድምፅም ያስባል። ታላቅ ግጥም መሆኑ አያከራክርም። ሆኖም በመካከሉ የቆመው ካቴድራል በዚህ ግጥም ውስጥ እንደ ጥበብ ሥራ አይታይም። ገጣሚው የሚናፍቀውን ለማየት ከፊቱ የቆመውን ማለፍ ነበረበት።

ሁለተኛው ካቴድራሉን ብቻ ያነባል። በዚህ ንባብ መስጊዱ በሁለት የክርስትና ዘመናት መካከል የገባ ጣልቃ ታሪክ ነው። ማስረጃው ከወለሉ ሥር ይፈለጋል። በ1930ዎቹ ፌሊክስ ኤርናንዴዝ ያካሄደው ቁፋሮ ከመስጊዱ በፊት የነበሩ ሕንጻዎችን ፍርስራሽ አግኝቷል። ይህ በትውፊት የሚነገርለት የቅዱስ ቪንሴንት ቤተክርስቲያን ነው ወይስ ሌላ? በአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች መካከል አከራካሪ ሆኖ ቆይቷል። ክርክሩ ግን ስለ ድንጋይ ብቻ አይደለም፤ «የመጀመሪያው ደራሲ ማነው?» የሚል የባለቤትነት ክርክር ነው። በ2006 ሀገረ ስብከቱ ሕንጻውን 30 ዩሮ ከፍሎ በስሙ አስመዘገበ። ከዚያም «መስጊድ» የሚለው ቃል ለጎብኚዎች ከሚታደሉ ወረቀቶች እየጠፋ በመሄዱ ብዙ ሰዎች የፈረሙበት አቤቱታ ተነሣ፤ በ2016 ጥምር ስሙ ተመለሰ። የክርክሩ ማእከል በሁለት ስሞች መካከል የምትሰመር አንዲት አጭር ጭረት መሆኗ ለቋንቋ ተማሪ ትርጉም አለው። ያች ጭረት ስትጠፋ አንድ ሙሉ ደራሲ ይጠፋል።

ሦስተኛው ንባብ ከሁለቱ ይልቅ የዋህ ይመስላል። አሜሪኮ ካስትሮ በ1948 ባሳተመው መጽሐፉ ስፔንን የሙስሊሞች፣ የክርስቲያኖችና የአይሁድ አብሮ መኖር የፈጠራት አገር አድርጎ ተረጎማት። ይህ ሐሳብ በሊቁ እጅ ከባድ ሐሳብ ነበር። በአስጎብኚ ንግግር ውስጥ ግን ቀልሎ «ሁሉም በፍቅር ይኖሩ ነበር፤ ሕንጻውም ለዚህ ምስክር ነው» ወደሚል ተረት ወርዷል። ሕንጻው ግን እንዲህ አይልም። የዜና መዋዕል ጸሐፊዎች የደወሎቹን ታሪክ ይነግሩናል። አል-መንሱር በ997 ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላን ሲዘርፍ የቤተክርስቲያኑን ደወሎች በክርስቲያን ምርኮኞች ትከሻ ወደ ኮርዶባ አስመጣ፤ ደወሎቹም የመስጊዱ መብራት ማንጠልጠያ ሆኑ። ፈርናንዶ በ1236 ሲያሸንፍ እነዚያኑ ደወሎች በሙስሊም ምርኮኞች ትከሻ ወደመጡበት መለሳቸው። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ልዩነት ያላቸው ሁለት ጉዞዎች ናቸው፤ ሸክሙ አንድ ነው፤ የተለወጠው ትከሻው ብቻ ነው። «በፍቅር ይኖሩ ነበር» የሚለው ንባብ ይህን ትከሻ አያይም።

ከዚህ የምንረዳው ሦስቱም ንባቦች በይዘት ቢለያዩም በዘዴ አንድ መሆናቸውን ነው። ሦስቱም ከሥራው አንዱን ክፍል አቅልጠው ያስወግዱና የቀረውን «እውነተኛው ትርጉም» ይሉታል። የመጀመሪያው ካቴድራሉን፣ ሁለተኛው መስጊዱን፣ ሦስተኛው ጠቡን ያቀልጣል።

5. ሰምና ወርቅ ይበቃናልን?

«ማቅለጥ» የሚለው ቃል ያለ ምክንያት አልተመረጠም። እንደሚታወቀው የሰምና ወርቅ ስያሜ የተወሰደው ከአንጥረኛ ሥራ ነው። አንጥረኛው የሚፈልገውን ቅርጽ በሰም ይሠራል፤ በጭቃ ይለብጠዋል፤ ሰሙን በእሳት አቅልጦ ያወጣና በቦታው የቀለጠ ወርቅ ያፈስበታል። ሰሙ ቅርጹን ሰጥቶ ይሄዳል፤ የሚቀረው ወርቁ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በማስተማር በቆየባቸው ዓመታት ይህን ምሳሌ ለተማሪዎች ደጋግሞ ነግሯል። በመሆኑም ብዙ የተማሪ ጽሑፎች «ሰሙ እንዲህ ነው፤ ወርቁ ግን እንዲህ ነው» ብለው ሰሙን በአንድ ዓረፍተ ነገር አሰናብተው ያልፋሉ። ጥፋቱ የተማሪዎቹ ብቻ አይደለም፤ በአብዛኛው የመምህራቸው ነው።

ኮርዶባ ላይ ይህ ዘዴ አይሠራም። መስጊዱ ሰም፣ ካቴድራሉ ወርቅ ነው ብንል ሰሙ አልቀለጠም፤ እንዲያውም ወርቁን ደግፎ ያቆመው እርሱ ነው። ካቴድራሉ ሰም፣ መስጊዱ ወርቅ ነው ብንልም ሰሙ ሲወጣ የወርቁ መካከል ባዶ ይቀራል። የጠፉት ዓምዶች ካቴድራሉ ስለፈረሰ ተመልሰው አይቆሙም።

የተሻለ መሣሪያ የሚሆነን ከራሱ ከቅኔው ትምህርት የምናገኘው ኅብረ ቃል ነው። በኅብር አንዱ ቃል ራሱ ሁለቱንም ትርጉም ይሸከማል። ቃሉን አውጥተን ብንጥል ሁለቱም ትርጉሞች አብረው ይሄዳሉ። በኮርዶባ እያንዳንዱ አሮጌ ዓምድ እንዲህ ያለ ቃል ነው። ለሮማውያን አደባባይ የተጠረበ ሊሆን ይችላል፤ በመስጊድ ውስጥ ሰግደውበታል፤ ዛሬ በካቴድራል ውስጥ ቆሟል። ድንጋዩ አልተለወጠም፤ የተለዋወጠው የገባበት ዓረፍተ ነገር ነው።

ሰዎቹም ቢሆኑ ከድንጋዩ ብዙ አይለዩም። በ854 ገደማ አልቫሩስ የተባለው የኮርዶባ ክርስቲያን ጸሐፊ የሃይማኖቱ ወጣቶች የዐረብኛን ግጥም እየወደዱ ላቲንን መጻፍ እንደተሳናቸው በምሬት ጽፏል። ምሬቱ የሚያስረዳን የሁለቱ ቋንቋዎች ድንበር በወጣቶቹ ልብ ውስጥ ምን ያህል እንደሳሳ ነው። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ደግሞ በዚሁ ካቴድራል ውስጥ ሁለት ደራሲያን ተቀብረዋል። አንዱ የከተማይቱ ልጅና የካቴድራሉ አገልጋይ የነበረው፣ በ1627 የሞተው ባለቅኔ ሉዊስ ደ ጎንጎራ ነው። ሌላው በ1616 የሞተው ኢንካ ጋርሲላሶ ደ ላ ቬጋ ነው። ጋርሲላሶ በፔሩ በኩዝኮ ከስፔናዊ የጦር መኮንንና ከኢንካ ልዕልት የተወለደ ሲሆን በ1609 በታተመው መጽሐፉ የእናቱን ወገኖች ታሪክ በአባቱ ቋንቋ ጽፏል። የድል አድራጊና የተሸናፊ ደም በአንድ አካል ይዞ የኖረ ደራሲ ሁለቱን ጽሑፎች ደራርቦ በያዘው ሕንጻ ውስጥ ማረፉን አጋጣሚ እንበለው። ቢሆንም መጽሐፉን ያነበበ ሰው በዚያ መቃብር አጠገብ ዝም ብሎ አያልፍም።

ኅብር ነው ስንል ግን ስምምነት ነው ማለታችን እንዳልሆነ ሊሰመርበት ይገባል። የኅብር ሁለት ትርጉሞች ሊጣሉ ይችላሉ፤ የቅኔው ኃይልም ብዙ ጊዜ የሚመነጨው ከጠባቸው ነው። የአንባቢው ድርሻ ሁለቱን ማስታረቅ ወይም ለአንዱ መፍረድ አይደለም። ሁለቱንም እኩል እየሰማ በመካከላቸው መቆየት ነው።

6. መደምደሚያ

የኮርዶባ ጉዳይ የአንድ ሃይማኖት ወይም የአንድ አገር ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ የኢስታንቡሏ ሐጊያ ሶፊያ ታስረዳለች። በ537 ቤተክርስቲያን ሆና ተመረቀች፤ በ1453 መስጊድ፣ በ1930ዎቹ ሙዚየም፣ በ2020 እንደገና መስጊድ ሆነች። ስያሜው በተለወጠ ቁጥር አንዱ ወገን ደስ ሲለው ሌላው አዝኗል። ሕንጻን ማን ይያዝ፣ በውስጡስ ማን ይጸልይ የሚለው የሕግና የእምነት ጥያቄ ነው፤ የሥነጽሑፍ ሂስ አይመልሰውም። ሂስ ሊል የሚችለው ባለቤትነት የንባብ ሥልጣን አለመሆኑን ነው። መጽሐፉ የተገኘበት ቤት ባለቤት የመጽሐፉ ደራሲ አይሆንም።

በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አመለካከት፣ በላዩ ላይ ሌላ የተጻፈበትን ሥራ ስናጠና የመጀመሪያው ግዴታችን አለመፋቅ ነው። ጥንታዊውን ለማግኘት አዲሱን፣ አዲሱን ለማክበር ጥንታዊውን፣ ሰላም ለማግኘት ደግሞ ጠቡን ልንፍቅ አይገባም። ሐያሲ «ወርቁ ምንድነው?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «ሰሙ ቀልጧልን?» ብሎ ቢጠይቅ ይበጃል። ካልቀለጠ፣ እርሱም የሥራው አካል ነውና ሊመረመር ይገባዋል።

ወደ ግቢው የሚያስገባው ዋናው በር የይቅርታ በር ይባላል። የተሠራው በ1377፣ ከተማይቱ በክርስቲያኖች እጅ ከገባች ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው። ከአጠገቡ ያለው የደወል ማማም የቀድሞውን የአዛን ማማ በሆዱ ይዟል። አቅራቢው ሲወጣ የበሩን መዝጊያ ቀረብ ብሎ ተመለከተው። በብረታ ብረት ልባሱ ላይ የላቲንና የዐረብ ፊደላት ጎን ለጎን ተቀርጸዋል። ክርስቲያኖች ያሠሩት፣ ምናልባትም የሙስሊም እጅ የቀረጸው በር ነው። ማን ለማን እንደጻፈ ለመለየት ጥቂት ቆመ፤ ከኋላው ብዙ ጎብኚዎች ይጠብቁ ስለነበረ ግን መንገዱን ለቀቀላቸው።